እርማት፦ ኦክሲዴሽን ከባድ ብረትን አያጠፋም

«የፋብሪካን ፍሳሽ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም በክሎሪን ማከም ከባድ ብረቶችን ያጠፋል» የሚለው አስተያየት በስፋት ቢነገርም ትክክል አይደለም። ኦክሲዴሽን (እንደነዚህ ባሉ ኤሌክትሮን በሚነጥቁ ኬሚካሎች፣ ማለትም በኦክሲዳንቶች፣ ማከም) እንደ ማቅለሚያና ሳያናይድ ያሉ ውህዶችን ይሰባብራል፤ ክሮሚየም፣ ኒኬልና መዳብ ግን ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው በየትኛውም ኬሚካል አይጠፉም፤ የሚለወጠው ያሉበት ሁኔታ ብቻ ነው።

ለውጡም ሁልጊዜ ወደ በጎ አይደለም። በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኘው ክሮሚየም 3 ብርቱ ኦክሲዳንት ሲጨመርበት ወደ ክሮሚየም 6 ሊለወጥ ይችላል (ቁጥሮቹ የክሮሚየም አቶም ያጣውን የኤሌክትሮን ብዛት ያሳያሉ)፤ ክሮሚየም 6 ደግሞ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ክሮሚየም 6 ላለበት የክሮም ቅብ ፍሳሽ የሚሠራው እንዲያውም ተቃራኒው ነው፦ የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ዝቅ ሲል አሲድነቱ ይጨምራል) ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ ተደርጎ በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ወደ ክሮሚየም 3 ይመለሳል፤ ከዚያም በኖራ ፒኤቹ ወደ 8 ወይም 9 ከፍ ሲል ክሮሚየሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል።

ኦክሲዴሽን ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ኒኬል ወይም መዳብ እንደ ኢዲቲኤ ካለ ብረትን አጥብቆ ከሚይዝ ውህድ ጋር ተቆራኝቶ በኖራ አልዘቅጥ ሲል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፌረስ ሰልፌት ጋር ተደባልቆ የሚሠራው የፌንተን ዘዴ ውህዱን ሰባብሮ ብረቱን ይለቀዋል፤ የተለቀቀው ብረት በኖራ ዘቅጦ ካልተለየ ግን መርዙ ያው ውኃው ውስጥ ነው።