የአያቱን ካርድ የሚይዝ ልጅ የራሱንም ይያዝ

በገበያ ቀን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ኤቲኤም ፊት የሚቆመውን ሰልፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ከገጠር የመጡ እናቶችና አያቶች ይሰለፋሉ። አጠገባቸው ደብተሩን በብብቱ የያዘ ልጅ አለ። ተራቸው ሲደርስ ወደ ማሽኑ የሚጠጋው ልጁ ነው። ካርዱ ከአያትየው መቀነት ተፈትቶ ይወጣል። ፒኑን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ብሩን ይቆጥራል፣ ደረሰኙን ያነባል፣ "ይሄን ያህል ቀርቷል እማማ" ይላል። እሳቸውም "አብሽር የኔ ልጅ" ብለው ብሩን መልሰው ይቋጥራሉ።

ታዲያ "ለልጅ የባንክ ካርድ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው?" የሚለው ክርክር በየቤቱ ሲነሳ ይገርመኛል። አንዱ ዘመድ "ጊዜው ነው፣ ይያዝ" ይላል። ሌላው "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። እኛ ወሎ ውስጥ ግን ልጁ ካቦካ ቆይቷል፤ ቤተሰቡም እየበላው ነው። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከቆቦ ተነስተው ሳውዲና ሌላም አረብ አገር የሄዱ እህቶቻችን የሚልኩት ብር ስንት ቤት ያቆማል! ብሩ የሚገባው በእናት ስም ነው። መልእክቱን የሚያነበው፣ ቴሌብሩን የሚነካካው፣ ባንክ ቤት ፎርም የሚሞላው ደግሞ ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ልጅ ነው።

እኔ የምለው ይኼ ነው። የሰው ካርድና የሰው ፒን የምናስይዘው ልጅ በራሱ ስም፣ በራሱ ጥቂት ብር፣ የራሱን ካርድ ይያዝ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ከሞላው ዕድሜው ደርሷል። ብድር ያለበት ነገር ግን እጁ አይግባ። ሁለቱን ለይተን እንነጋገር፤ ሰው "ካርድ" ሲባል አንድ ላይ ጨፍልቆ ይፈራቸዋል።

የመጀመሪያውን ልጀምር። ዛሬ ልጁ የሚማረው ነገር ጥሩ አይደለም። ፒን ለሌላ ሰው ሊነገር እንደሚችል ይማራል። የሌላ ሰው ብር በእጁ ሲያልፍ ማንም እንደማይቆጣጠረው ይማራል። አያትየው አያነቡም፤ ሃምሳ ብር ቢጎድል አያውቁም። አብዛኛው ልጅ ታማኝ ነው፣ በዚህ እኮራለሁ። ግን ታማኝነቱን በየገበያው ቀን እየፈተንን ምንም ሳናስተምረው መቅረታችን ልክ አይደለም። የራሱ ሂሳብ ያለው ልጅ ሃምሳ ብር ሲጎድል የሚጎድለው ከራሱ ነው። ያን ጊዜ ይገባዋል።

ሕጉም ቢሆን መንገድ አለው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን ውል አይዋዋልም። ስለዚህ ሂሳቡን የሚከፍተው ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ሆኖ ነው። ንግድ ባንክን ጨምሮ የታዳጊዎች ቁጠባ ሂሳብ ያላቸው ባንኮች አሉ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ 15 ዓመት የሞላው ልጅ፣ በጥበቃም ቢሆን፣ ተቀጥሮ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ደመወዝ እንዲያገኝ ፈቅደንለት ያገኘውን ማስቀመጥ አይችልም ማለት እንዴት ይሆናል? ክረምት ላይ ሱቅ ጠብቆ፣ ዕቃ ተሸክሞ ያገኛትን ብር አጎቱ ኪስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ልጅ ብዙ ነው። መስከረም ሲጠባ ብሩ የለም። አጎትየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቸግሮት ነው።

ከሁሉ በላይ የማስበው ቤት ተከራይተው ስለሚማሩት ልጆች ነው። ከገጠር ቀበሌ ወጥተው ወረዳው ከተማ ላይ፣ ወይም ደሴና ወልድያ ድረስ መጥተው፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል የሚይዙት። በሶው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ ከቤት ይመጣል። ብሩም አብሮ ይላካል፤ በገበያተኛ፣ በሹፌር፣ በረዳት እጅ። መንገዱ ክፍት ሲሆን ይደርሳል። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋ ግን ስንቁም ብሩም ይቆማል። አከራይ ደግሞ ቀኑን ይቆጥራል።

ይኼ ነገር ለሴት ልጅ የባሰ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከቤተሰብ ርቃለች፣ የቤት ኪራይ ደርሷል። የሰፈሩ ሰው "አይዞሽ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ" ይላታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የምናውቅ እናውቀዋለን። ትምህርቷን ጥላ የተመለሰች፣ ጭራሽ ወደ ቤቷ መመለስ አፍራ የቀረች ልጅ አለች። በስሟ ሂሳብ ኖሯት አባቷ ከወረዳው ባንክ ሦስት መቶ ብር ቢያስገባላት፣ እሷም በዚያው ቀን ብታወጣው፣ የማንንም አይዞሽ አትጠብቅም። ካርዱ ሁሉን አያድናትም። ያቺን ክፉ ሳምንት ግን ያሻግራታል። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አደጋው የለም አልልም። ጓደኛ "አበድረኝ" ይላል። ቤቲንግ አለ፤ ስንቱን ወጣት እያነደደ ነው። "ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" እያለ የሚደውል ሌባ አለ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ልጁ እነዚህን መጀመሪያ የሚያገኛቸው መቼ ይሁን? አምስት መቶ ብር ይዞ ከእናቱ ጋር ሲኖር ነው ወይስ ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ?

መጋቢት 2016 ምን እንደሆነ አስታውሱ። የንግድ ባንክ ሲስተም በአንድ ሌሊት ተበላሽቶ ሰው ሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ማውጣት ቻለ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተሰማ። ተማሪው ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር የወጣው። አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ባንኩ አደባባይ ላይ አወጣው። ያን ዝርዝር ሳይ እንደ ወላጅ ነው የደነገጥኩት። እነዚህ ልጆች ካርድ የያዙት ትናንት ነው። ማሽን የሰጠው ብር ሁሉ የእነሱ እንዳልሆነ፣ እያንዳንዱ ንክኪ በስማቸው እንደሚመዘገብ ቁጭ ብሎ የነገራቸው ሰው ማን ነበር? እናት ፈራች፣ ትምህርት ቤት ዝም አለ፣ ባንኩ ካርዱን አስረክቦ ሸኛቸው።

ወደ ብድሩ ልምጣ። እዚህ አጭር ነኝ፤ አይሆንም። አሜሪካኖች ክሬዲት ካርድን ከማንም በላይ የለመዱት ናቸው። እነሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው የራሱን ገቢ ካላሳየ፣ ወይም አብሮት የሚፈርም ትልቅ ሰው ካላቀረበ ክሬዲት ካርድ እንዳይሰጠው ከልክለዋል። ከዚያ በፊት ካርድ ሻጮቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ገብተው ስጦታ እየሰጡ ተማሪውን ያስፈርሙት ነበር።

"እኛ አገር ክሬዲት ካርድ መች ተለመደና?" ትሉኝ ይሆናል። ፕላስቲኩ አልተለመደም። ብድሩ ግን ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ቴሌብር ላይ "መላ" የሚባል ብድር አለ፣ "እንደኪሴ" የሚባልም አለ። ሂሳብህ ላይ ያለው ብር ሳይበቃ ሲቀር የሚሞላልህ እንደኪሴ ከክሬዲት ካርድ በምን ይለያል? "ዱቤ አለ" የሚባለው በዱቤ መግዣም መጥቷል። ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነገር ነው፤ ነጋዴ ይጠቀምበታል። ችግሩ ብድሩ የሚመዘገበው በሲም ካርዱ ባለቤት ስም መሆኑ ነው። የእናቱን ስልክና ፒን የያዘ ልጅ ሦስት አራት ጊዜ ነካክቶ እናቱን ባለዕዳ ማድረግ ይችላል። እሷ የምታውቀው ቀጥሎ የገባላት ብር ተቆርጦ ሲጎድልባት ነው። ልጁን በራሱ ሂሳብ ማስወጣት የእናትንም ስም ያድናል የምለው ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የእናታችሁን ፒን ቀይሩላት። አዲሱን ቁጥር እሷ ትምረጠው፣ እሷው ትያዘው።

ለልጁ ሂሳብ ስትከፍቱለት ደግሞ ጥቂት ነገር አትርሱ። ፒኑን ሲመርጥ ፊታችሁን አዙሩ፤ እናንተም ቢሆን አትወቁት። የብር መግቢያና መውጫው መልእክት ወደ እናንተ ስልክ እንዲመጣ ባንኩን ጠይቁ። የወሩን በሙሉ አታስገቡ፣ የሳምንቱን አስገቡ። እሑድ እሑድ "ምን ገዛህ?" በሉት፤ ለመቆጣት ሳይሆን ለመስማት። ተሳስቶ ከሆነ ያለቀውን ብር ወዲያው አትተኩለት፣ ሳምንቱን ይቻለው። ስንቁ እንደሆነ አለ።

ሁሉንም ብር ካርዱ ላይ አታድርጉ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ካርድ ይዞ የተራበ ሰው አይተናል። ከነሐሴ 2015 በኋላም ዳታው ረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ዛሬም "ሲስተም የለም" የሚባልበት ቀን አለ። ስለዚህ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ የሁለት ሦስት ቀን ብር በእጁ ይኑረው።

ወለድ የማይነኩ ቤተሰቦች ካርዱን ከብድርና ከወለድ ጋር አያይዘው ሲሸሹት አያለሁ። ወሎ ውስጥ ይኼ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ መከበርም አለበት። የልጁን ሂሳብ ከወለድ ነፃ መክፈት ይቻላል። መደበኛ ባንኮቹ ለብቻው መስኮት አላቸው፤ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችም አሉ። የባንክ ሠራተኞች ይህን ሰው እስኪጠይቃቸው ባይጠብቁ ጥሩ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወላጅ ለምዝገባ ይመጣል። ያን ቀን አንድ ጠረጴዛ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዘርግተው፣ ከገጠር የመጡትን ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹን፣ ከወላጆቻቸው ጋር ቢመዘግቧቸው ምን ይከብዳል?