ይድረስ ለጋሼ ፒንግ፣ ካሉበት

ጉዳዩ፦ የትኛውም ጌም ብገባ ቀድመውኝ ስለመገኘትዎ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ ፒንግ። እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። “ከናፍቆትዎ በስተቀር” ብዬ እንዳልጽፍ ናፍቆቱ ከየት ይምጣ? አንድ ቀን ተለይተውኝ አያውቁም።

አድራሻዬን ያውቁታል። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ አያት ላይ ሲያልቅ ሰው ከተማውም ያለቀ ይመስለዋል። እኛ ከዚያም አልፈን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነን። ታክሲ እዚህ ለመምጣት ያንገራግራል። ውሃ ሲመጣ ሰፈሩ እልል ይላል። ሳይጠሩ፣ ሳይሰለፉ፣ ደረጃ ሳያደክምዎ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋልና ላስተዋውቅዎ። እኔ “ተኩስ” ስል ትዕዛዙ ሰርቨር የሚሉት፣ ጌሙን የሚያስኬደው አውሮፓ ያለ ኮምፒውተር ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ፣ እሱ እርስዎ ነዎት። በሚሊሰከንድ ይቆጠራሉ። ሁሉንም በእርስዎ ላይ አላላክክም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር እንኳ ከእኛ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ደርሶ መልስ 50 ሚሊሰከንድ የተፈጥሮ ድርሻ ነው፤ በሱ አልከስዎትም። የባሕር በር ስለሌለን ገመዱ በጎረቤት አገር ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። እሺ፣ ይሄም ይቅር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ብሎኩ በሙሉ ከሥራ ገብቶ ቲክቶክ ሲከፍት 400 የሚሆኑት ግን በየትኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው?

መጀመሪያ የተዋወቅነው ወርልድ ኦፍ ታንክስ የሚሉት የታንክ ውጊያ ጌም ላይ ነው። 15 ለ15፣ ቢበዛ 15 ደቂቃ፣ አንድ ታንክ አንድ ነፍስ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ጨዋ ነበሩ። ታንክ በባሕርይው አይቸኩልም። ለማነጣጠርም ስክሪኑ ላይ ያለው የዒላማ ክብ እስኪጠብ ቆሞ መጠበቅ ነው። ጥይቱ ክቡ ውስጥ የት እንደሚያርፍ ደግሞ ዕጣ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳትም ከተጻፈው 25 በመቶ ከፍም ዝቅም ይላል። ታዲያ ጥይቴ ሲስት ጥፋቱ የእርስዎ ይሁን የዕጣው በምን አውቃለሁ? እንዲህ ያለ ምቹ መደበቂያ የትም አያገኙም።

አንድ ጎረቤቴ “ዋር ተንደር ግባ፤ እውነተኛው እሱ ነው” አለኝ። ገባሁ። እውነትም ታንኩ በተመታ ቁጥር እየተቀነሰ የሚያልቅ የሕይወት ነጥብ የለውም። ጥይቱ ብረቱን ከበሳ የቱን እንደመታ፣ ሾፌሩን፣ ተኳሹን፣ የጥይት ማከማቻውን፣ ጌሙ አንድ በአንድ ያሰላል። ለትክክለኛነት ያላቸው ፍቅር ደግሞ ሌላ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ተጫዋች የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ በደንብ አልተሠራም ብሎ ለመከራከር የወታደራዊ ሰነድ ገጾች አደባባይ አውጥቶ ቁጭ አለ። ስለ እርስዎ ግን ማንም ምስጢር አውጥቶ አያውቅም! እዚህ ጌም ላይ የሚያሸንፈው ቀድሞ አይቶ ቀድሞ የተኮሰ ነው። እኔም ቀድሜ አያለሁ፣ ቀድሜ እተኩሳለሁ። ጥይቴ ግን ለቅሶ ደራሽ ነው፤ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ከዚያ ጌሙ አሟሟቴን በኤክስሬይ በዝግታ ያሳየኛል። ጥይት ማከማቻዬ ሲፈነዳ ይታያል። ተኳሹ ይታያል። እርስዎ የሉም።

ሄል ሌት ሉዝ ላይ ያደረጉኝን ግን አልረሳም። 50 ለ50፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ፣ አንድ ጥይት በቂ። ሮጬ ግድግዳ ጀርባ ገባሁ። ተቀመጥኩ። ጠመንጃዬን አጎረስኩ። ከዚያ ሞትኩ። ለካ ጀርመን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ስክሪን ላይ እኔ ገና እየሮጥኩ ነበር። ብዙ ጌሞች ደግሞ እንዲህ ሲሆን ለተኳሹ ዓይን ያደላሉ። በዚያ ላይ ለነሱ ስታይ እየዘለልኩ ስለሆነ ሌባ ነህ እባላለሁ። ከፍ ያለ ፒንግ ያለውን ጭራሽ የሚያባርሩ ሰርቨሮችም አሉ። ጥፋተኛው እርስዎ፣ የሚባረረው እኔ። ወጣሁ። ቀጣዩ ሰርቨር በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

የተስማማነው አርማ 3 ላይ ብቻ ነው። የግሪኩን ሌምኖስ መነሻ አድርጎ የተሠራ፣ 270 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ደሴት አለው። ግማሽ ሰዓት በእግር ሄደህ አንድም ጠላት ላታይ ትችላለህ። በእግር መሄድ ታክሲ የማይገባበት ሰፈር ላደገ ሰው ሙያው ነው። እርስዎም ያን ጊዜ ያንቀላፋሉ መሰለኝ፣ አይሰሙኝም። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የምወደው ግን ጦርነቱን እንዳይመስልዎ፤ ጦርነቱ እስኪጀመር ያለውን ጊዜ ነው።

ጌም መቀየር ደግሞ እንዲህ በአፍ እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ወርልድ ኦፍ ታንክስም ዋር ተንደርም መግቢያቸው ነጻ ነው፤ እኔን የሚያራቁተኝ የፓኬጁ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ሰው ሲተኛ ተነስቼ አወርዳለሁ። ደረጃ 8 ያደረስኩትን ታንክ ትቼ እንደገና ከቆርቆሮ እጀምራለሁ። እናቴ ዳውንሎዱን እያየች “ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል” ትላለች። እሷ ዝንጀሮዎቹ ጌሞቹ ይመስሏታል። እርስዎን ገና አልተዋወቀችም።

ስለሆነም የምጠይቅዎት ጥቂት ነው። ጥፉ አልልም። ግን ባሉበት ይርጉ። 200 ከሆኑ 200 ይሁኑ፤ ጠላት ከሚሄድበት ቀደም አድርጌ መተኮስ እለምዳለሁ። 80 ላይ ጸጥ ብለው ቆይተው ቃታ ስስብ በድንገት 900 መሆን ግን ከጋሼነትዎ ጋር አይሄድም። ሊጨምሩ ሲያስቡ ደግሞ እባክዎ ግድግዳው ጋ ሳልደርስ ይንገሩኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀይ ባሕር ገመድ
ለብሎካችን የምሽት 2 ሰዓት ቲክቶክ ተመልካቾች
ግድግዳ ጀርባ ለገደለኝ ሰውዬ (እስኪደርሰው ድረስ ትንሽ ይታገሥ)