ትንፋሽህ ተመለሰ ማለት ጅማትህ ተመለሰ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ፕሮግራም ላይ የቀረበ አሰልጣኝ፣ ለዓመታት ከኳስ የራቀ ሰው እንዴት ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ምንም ዝግጅት አያስፈልገውም፣ ጫማውን አስሮ ሜዳ ይግባ፣ ጨዋታው ራሱ ሰውነቱን ብቁ ያደርገዋል ብሎ መለሰ። ጋዜጠኛውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ማለፍ አቃተኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ሰው የሚሰብር ምክር ነው።

ደሞ ማስረጃው! ልጅ እያለን ማን አሟሙቆ ይጫወት ነበር አለ። ይሄ መከራከሪያ ነው እንዴ? በ14 ዓመትህ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥና ስትዘል ነበር የምትውለው፣ እግርህ ሥራ ፈቶ አያውቅም። አሁን 38 ሞልተህ ከወንበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ ነህ። ሰው በሙያው ተጠርቶ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ያናድዳል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሰውነት ሁሉ ነገሩ እኩል አለመመለሱ ነው፣ ይሄን የማይናገር አሰልጣኝ ምንም አልተናገረም። ልምምድ ስታቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የደምህ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ትንፋሽህም አብሮ ይወርዳል፣ ስትመለስ ግን እሱ ቶሎ ይስተካከላል። ጡንቻም ድሮ የሠራ ከሆነ ከጀማሪ ይፈጥናል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ግን ደም እንደ ጡንቻ አይደርሰውም፣ በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው የሚጠነክረው፣ እና አደጋው ያለው እዚህ መሃል ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ብቻ አይደለም የምትጎዳው፣ መጀመሪያ ቀን እኮ አምስት ደቂቃ ሮጠህ ወገብህን ይዘህ ትቆማለህ፣ ትንፋሽ ማጣትህ ራሱ ይጠብቅሃል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው ጉዱ፣ ትንፋሽህ ተመልሶ፣ ተመለስኩ ብለህ፣ ረጅም ኳስ ተጥሎልህ ያለ የሌለ ጉልበትህን አውጥተህ ስትፈተለክ። የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ ሰው ከኋላ የመታህ ነው የሚመስልህ፣ ድምፁም ሊሰማ ይችላል፣ ዞር ስትል ማንም የለም። ይሄ ጉዳት በብዛት የሚያገኘው ደሞ ማንን ነው? በ30ዎቹና በ40ዎቹ ያለ፣ አልፎ አልፎ የሚጫወት ወንድ! ያ አሰልጣኝ ሜዳ ግባ ያለው ሰውዬ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ወራት ቁጭ ነው፣ አንዳንዶቹም ተመልሰው ኳስ አይነኩም።

ዝግጅት ጊዜ ይፈጃል የሚሉ ሰዎችም አሉ፣ እሱም ውሸት ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀው 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው፣ ኖርዌይ ውስጥ በልጃገረድ ተጫዋቾች ሲሞከር ጉዳትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ተንበርክከህ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይዞልህ ቀስ እያልክ ወደ ፊት የምትወርድበት እንቅስቃሴ አለ፣ የጭን ጀርባ ጡንቻ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ጂም አይፈልግ፣ ብር አይፈልግ። በሳምንት ሁለቴ ይሄን ሥራ፣ ቆመህ በጣትህ ከፍ ዝቅ እያልክ ባትህን አጠንክር፣ ሩጫህን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምር፣ ሙሉ ፍጥነት የሚባለውን ነገር ደሞ መጨረሻ ላይ አምጣው። በቃ ይሄው ነው።

ዝም ብሎ ከመቀመጥ በሳምንት አንዴም መጫወት ይሻላል ካሉኝ እሺ፣ ለልብ ይሻላል። ለተረከዝ ጅማት ግን አይሻልም፣ ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ በአንድ ቀን 90 ደቂቃ የሚጠየቅ ጅማት ምንም አልተዘጋጀም።

ስለዚህ ፕሮግራሙ በቀጣዩ ሳምንት በዛው ሰዓት አንድ ፊዚዮቴራፒስት ጋብዞ ያንን መልስ ያርመው፣ ምክሩን የሰማ ሰው እኮ ቅዳሜ ጫማውን አስሮ ሊወጣ ነው።