ሳንቆጠር ስንት ነን?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይካሄድ ይላል። ቀጣዩ ለ2010 ታስቦ ነበር፤ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። እስከዚያው የምንኖረው በግምት ነው። ይታመናል ወይ ብለን ሁለት ሰዎች ጋበዝን። አንዱ የስታትስቲክስ መምህር ናቸው፤ ይታመናል ይላሉ። ሌላዋ በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለዓመታት መረጃ ላይ የሠራች ባለሙያ ናት፤ አይታመንም ትላለች። ስማችን ይቅር ብለዋል። የጻፉትን ሳንነካ ነው ያቀረብነው፣ ቁጣውንም ጭምር።

መምህሩ፦

ግምት ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ጠጠር ጣይ ነው። ሥራው እንደዚያ አይደለም። ያለፈውን ቆጠራ መነሻ እናደርጋለን። ሰዉን በዕድሜና በጾታ እንከፋፍላለን። ከዚያ በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት እንጨምርለታለን። የተወለደውን እንደምራለን፣ የሞተውን እንቀንሳለን፣ የሄደውንና የመጣውን እናስባለን። በቃ፣ ሞዴል የምንለው ይኸው ነው። ድብቅ ነገር የለውም።

ስንት እንደተወለደ ለማወቅ አገር ምድሩን መጠየቅ አያስፈልግም። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ያነጋገረው 15,700 ያህል ሴቶችን ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች የሚለው ከዚያ የተገኘ ነው። በ1992ቱ ጥናት 5.5 ነበር። ጤፍ ሊገዛ እህል በረንዳ የሄደ ሰው ጆንያውን በሙሉ አያፈስም። እጁን ሰዶ አንድ እፍኝ ያወጣል፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል፣ ከተስማማው ይገዛል። ናሙና ማለት ይህ ነው።

ቆጠራ ቆጠራ የሚሉ ሰዎች ቆጠራ ምን እንደሚመስል ረስተዋል። በ1999ኙ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ወጣ። ቀድሞ ከተተነበየው ወደ 2.4 ሚሊዮን ያንሳል። ጭቅጭቁ ፓርላማ ድረስ ሄደ። ታዲያ እዚያ የትኛውን ልመን? ቆጣሪ ሰው ነው። ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ውሻ ያባርረዋል። ያዳላልም። ሞዴል ግን ዘመድ የለውም።

ባለሙያዋ፦

“ሞዴል ዘመድ የለውም።” ይህቺን ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

መምህር፣ ለመሆኑ ጤፍ ገዝተው ያውቃሉ? ነጋዴው ጆንያው አፍ ላይ ማኛ ያደርጋል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰርገኛ ነው። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክንዷ ነበር የምትሰደው። ነጋዴዎቹ ሲያዩዋት ፊታቸው ይጠቁር ነበር።

እኔ የማውቀውን ልንገርዎት። ለአንድ ቀበሌ የመጣልን የሕዝብ ቁጥር 6,100 ነው። ከላይ የመጣ ትንበያ ነው። ይህን በኮንቨርዥን ፋክተር፣ ማለትም ከሕዝቡ ስንት በመቶው ሕፃን እንደሆነ በሚገልጽ ቋሚ ቁጥር፣ እናባዛለን። ከዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሦስት በመቶ ገደማ ናቸው ይባላል፤ ስለዚህ የክትባት ዕቅዳችን 183 ሕፃን ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ቤት ለቤት ዞራ የቤተሰብ ማኅደር ሞልታለች። የእሷ መዝገብ 7,400 ሰው ይላል። በዓመቱ መጨረሻ የከተበችው 211 ሕፃን ነው። አካፍሉት፤ 115 በመቶ።

አለቃዬ ሪፖርቱን ሲያይ “ከመቶ በላይ አይሆንም፣ አስተካክይው” አለኝ። አስተካከልኩት። 179 ብዬ ጻፍኩ፤ 98 በመቶ ወጣ። ሥርዓቱም ተቀበለው። 32 ሕፃናት ከወረቀት ላይ ጠፉ። ለቀጣዩ ዙር የመጣው ክትባትም በዚያው ወረቀት ልክ ነበር። ሕፃን አዝለው ሁለት ሰዓት የተጓዙ እናቶችን “አልቋል” ብላ የመለሰቻቸው ያቺው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሞዴሉ አልመለሳቸውም።

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። ለ2015 የራሳችን ስታትስቲክስ ያወጣው ትንበያ 107 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለዚያው ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ126 ሚሊዮን በላይ ነው። ሁለቱም ሞዴል ናቸው። ሁለቱም ዘመድ የላቸውም። ታዲያ መሐል ላይ ያለው ወደ 20 ሚሊዮን ሰው የማን ልጅ ነው?

ይህ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1976 የመጀመሪያው ቆጠራ እስኪካሄድ ድረስ ወደ 33 ሚሊዮን ነን ይባል ነበር። ቆጠራው 42 ሚሊዮን አለ። ያኔም ያላችሁት “ሳይንስ ነው” ነበር?

መምህሩ፦

እህቴ፣ በጣም አዝኛለሁ። ያዘንኩት ግን ለሕፃናቱ ብቻ አይደለም።

“አስተካከልኩት” ብለዋል። በገዛ እጅዎ። ሞዴሉ 183 አለ፤ መዝገቡ 211 አለ። ሁለቱም እንዳሉ ቢተዉ ኖሮ ላይኛው መሥሪያ ቤት “እዚህ ቀበሌ ትንበያችን ተሳስቷል” ብሎ ያርም ነበር። የትንበያ ስሕተት የሚታወቀው እንዲህ ነው። 179 የሚለውን ቁጥር የፈጠረው ግን ሞዴል አይደለም። እርስዎ ነዎት። መስተዋቱን ሰብረሽ መልኬን አላሳየኝም ማለት አይቻልም፣ ልጄ።

ደግሞ 211ዱ በሙሉ የዚያ ቀበሌ ልጆች መሆናቸውን በምን አወቅሽ? እናት ክትባት ያለበት ትሄዳለች። የጎረቤት ቀበሌ ጤና ኬላ ተዘግቶ ቢሆንስ? የጎረቤት ወረዳ ገበያ እዚያ ቢሆንስ? ከመቶ በላይ ሲመጣ ሁልጊዜ ታችኛው ቁጥር፣ የተካፈለበት 183፣ ነው የተሳሳተው ያለው ማን ነው?

የ20 ሚሊዮኑ ነገር ቀላል ነው። የአገር ውስጡ ትንበያ በ2005 የታተመ ነው፤ 1999ኙን ቆጠራ ይዞ እስከ 2037 በፈረንጆች አቆጣጠር ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት ግን መነሻውንም ሆነ የወሊዱን መጠን በየጊዜው ይከልሳል። መነሻና መላምት ሲለያይ መድረሻ ይለያያል። ይህ ውሸት አይደለም።

ባለሙያዋ፦

“ልጄ” ያሉኝን ተቀብያለሁ። 41 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ወደ ቁጥሩ እንመለስ።

እጄ ነው። አልክድም። የጻፍኩበት ጠረጴዛ፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅጹ ከመቶ በላይ አይቀበልም ሲባል እኔ ማንን ላምን ነበር? አለቃዬ 211 ሕፃን አላየም። ያየው 183ን ነው። የእርስዎ 183 ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የእኛ 211 ቆሞ ያስረዳል። ትንበያ ወረዳ ሲደርስ ግምት መሆኑ ይቀርና ትእዛዝ ይሆናል። መስተዋት አሉት? መስተዋት “ፊትሽን አስተካክይ” አይልም።

በ2005 የታተመ አሉኝ። ጎሽ። በ2005 የተቀመጠ ሰው በ2013 ጦርነት እንደሚነሳ ያውቅ ነበር? እኛ ወረዳ ተፈናቃይ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ፣ ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ገባ። ዘመድ! ይኸው ሞዴልዎ የሌለው ነገር። የወረዳው ቁጥር ግን ያው ነው፤ በየዓመቱ ሁለት ነጥብ ምናምን በመቶ ያድጋል። የወጡበት ወረዳም እንዲሁ በወረቀት ላይ እያደገ ነው። ባዶ ቤት እየወለደ።

የ1976ቱንስ ለምን ዘለሉት?

መምህሩ፦

ሁለት ጥያቄ ጠይቄ አንዱም አልተመለሰም። ሕፃናቱ ከየት እንደመጡ አልነገሩኝም። ስለ 2.4 ሚሊዮኑም ቃል የለም። ይሁን።

እርስዎ ቆጠራ የመጨረሻው እውነት ይመስልዎታል። ደቡብ አፍሪካ በ2022 በፈረንጆች ሕዝቧን ቆጠረች። ታብሌት ነበራት፣ ገንዘብ ነበራት። ቀጥሎ በተካሄደው የማረጋገጫ ጥናት ቆጠራው 31 በመቶውን ሰው እንደዘለለ ታወቀ። ከሦስት ሰው አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የጎደለውን የሞላው ምን ይመስልዎታል? ስሌት ነው። ቆጠራ ራሱ በግምት ነው የሚቆመው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። በ1999 እኔም ቆጣሪ ነበርኩ። ያኔ ብዙዎቻችን መምህራን ነበርን። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ ተዘግቶ አገኘሁት። ሦስተኛው ቀን ላይ ፀሐዩም ገደለኝ። ጎረቤቲቱን “ስንት ናቸው?” አልኳት። “ስድስት” አለች፣ ቡና እየቆላች። ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ያቺ ስድስት ዛሬ በኩራት “የተቆጠረ” ከሚባለው ወደ 74 ሚሊዮን ውስጥ ናት። እንግዲህ ከእሷ ይልቅ ከሳተላይት ጣሪያ ተቆጥሮ በናሙና የሚሰላው ሳይሻል አይቀርም።

ባለሙያዋ፦

ሳተላይቱ ቆርቆሮውን ያያል። ከቆርቆሮው ሥር ስንት ሰው እንደሚያድር ግን ያው ሰው ሄዶ መጠየቅ አለበት፤ ባልተጠየቀበት ቤት ደግሞ “በአማካይ” ይባላል።

ግን ደስ ብሎኛል። ዘመዱን አገኘነው! ሞዴል ዘመድ የለውም ብለው ነበር። መነሻው 1999 ነው። የ1999 መነሻ ደግሞ ቡና ስትቆላ የነበረች ጎረቤት ናት። ከእሷ ተነስተን ነው እስከ 2037 የምንሄደው?

ደቡብ አፍሪካን ስለጠቀሱልኝ ደግሞ አመሰግናለሁ። እነሱ 31 በመቶ ዘለልን ብለው ራሳቸው አተሙ። እኔ ጠላቴ ግምት አይደለም። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ጽፌ ከሆነ ተናድጄ ነው። ለእኔ ቀበሌ “ከ5,800 እስከ 7,600 ይሆናል፤ ካገኛችሁት ጋር አስተያዩት” ተብሎ ቢመጣ ኖሮ 211 መቼ ወንጀል ይሆን ነበር? የመጣልን 6,100 ነው። ድፍን።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ስድስት ነበሩ?

መምህሩ፦

“ተናድጄ ነው” ማለት ርእስ መቀየር ነው። የተጋበዝነው ግምት ይታመናል ወይ ተብለን ነው፤ አሁን ስለ ቅጽ አሞላል ሆኗል። ለማንኛውም የ2005ቱ ትንበያ የወጣው በሦስት ነው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ተብሎ። ሰነዱ ውስጥ አለ። ወረዳ እስኪደርስ ሁለቱን ማን ቆርጦ እንደጣላቸው የምጠየቀው እኔ አይደለሁም።

ለጥያቄዎ፦ ሰዎቹን ከዚያ በኋላ አውቄያቸዋለሁ። ሰውየው ትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለክርስትና ጠራኝና ሄድኩ። የሴት ልጅ ክርስትና ነበር፤ በሰማንያ ቀኗ። ጠላ ይዤ ተቀምጬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሙያ ነው፣ አይለቅም። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተወልዳለች። እኛ የቆጠርነው ግንቦት ነው።

ሰባት ነበሩ። ጎረቤቲቱ ሕፃኗን አልቆጠረቻትም። ቅጹን አስረክቤ ነበር።