ባክአፑም አብሮ ተቆለፈ

ስለ ኮምፒውተር ጥቃት ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ «ትንሽ ሱቅን ማን ሀክ ያደርገዋል የሚለው አባባል ስህተት ነው» ያሉት እውነት ነው። እኔ ከኪሴ ከፍዬ ተምሬዋለሁ።

ደብረ ማርቆስ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለኝ። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት የዱቤ መዝገቡም የዕቃ ዝርዝሩም አልከፈት አለ። የሁሉም ፋይል ስም ተቀይሯል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ይነበባል፦ ገንዘብ ክፈል። ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበረን እኮ! ግን ቅጂው ያለበት ሀርድ ዲስክ ሌት ተቀን ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ ነበር፤ እሱም አብሮ ተቆለፈ።

ማንም እኔን መርጦ አልመጣም። እንዲህ ያለው ቫይረስ በር ያልተዘጋበትን እያሰሰ ነው የሚገባው። በፈረንጆቹ ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። አፕዴት ያላደረገ ነው የተበላው። የእኔን አፕዴት ደግሞ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ፣ «ፓኬጅ ይበላል» ብዬ። ባለሙያም የምጠራው ፕሪንተር እምቢ ሲል ብቻ ነበር።

ዱቤውን ያተረፈልኝ ሠራተኛዬ ነው። ኮምፒውተር አላምንም እያለ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ስንት ቀን ስቄበታለሁ! አሁን ሁለት ዲስክ አለን። አንዱ ቅዳሜ ማታ ተነቅሎ ቤት ይሄዳል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያድራል።