ይድረስ ለክቡር «ኖ ፕሮብሌም»

ውድ ሪክሩተሬ (ለትራክ ካምፓኒ ሾፌር መልማዬ)፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከድምፅዎ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤው በአማርኛ ስለሆነ አይጨነቁ። ኖ ፕሮብሌም።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ሲዲኤሌን፣ ማለት የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴን፣ ከመንጃ ፈቃድ ቢሮው ከዲኤምቪ መስኮት ተቀብዬ ኪሴ ሳልከተው የደወሉልኝ እርስዎ ነዎት። እናቴ እንኳ በቀን አንዴ ነው የምትደውልልኝ። እርስዎ ግን ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ። ስሜ ስለከበደዎት «ድራይቨር» አሉኝ። ገና አንድ ሎድ (ጭነት) ሳልጎትት! ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

አሁን ወደ ሰሞኑ ጉዳያችን ልምጣ።

ፎርምዎ የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠይቃል፤ ክፍተት አይወድም። እኔ ደግሞ ክፍተት አለኝ። በ2024 ክረምት አባቴ አርፎ፣ የፓርኪንግ ሥራዬን ጥዬ አገር ቤት ገባሁ። አርባውን፣ ሰማንያውን አውጥቼ ተመለስኩ። ይህን ስነግርዎት ምን አሉኝ? «ያኔ ሥራ እንዳልነበረህ የሚመሰክር፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው ደብዳቤ ይጻፍልህ። ኖ ፕሮብሌም።»

ልብ በሉ ወገኖቼ። የማስመሰክረው ሥራ መሥራቴን አይደለም፤ ሥራ መፍታቴን ነው። ድሮ ደብረ ብርሃን እያለሁ የሰፈሬ ሰው ይህንን ሳይጠየቅ በነጻ ይመሰክር ነበር። በጽሑፍ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው።

ዘመድ ያልሆነ ማን አለ? ጸሐፊዬ አገር ቤት ያለው የእድራችን ሰብሳቢ ሆኑ። ነገሩን እንደ ትልቅ አደራ ነው የያዙት። ኮምፒውተር ቤት ሄደው በእንግሊዝኛ አስጻፉ። ፈረሙ። ክቡን ማህተም ግማሹን ፊርማቸው ላይ፣ ግማሹን ባዶው ላይ አሳረፉት። ስልክ ቁጥራቸውን ከነአገሩ ኮድ ከሥር አስቀመጡ። ለእርስዎ ስልክልዎ «ፐርፌክት» አሉኝ። የአውቶብስ ቲኬት ተቆረጠልኝ።

ከዲሲ ተነሳሁ። ፒትስበርግ ላይ በውድቅት ሌሊት አውቶብስ ቀየርኩ። ኢንዲያና ስደርስ ወገቤ የራሴ አልነበረም። «የራስህ የሆቴል ክፍል አለህ» ብለውኝ ነበር። የራሴ ክፍል ውስጥ ከቴክሳስ የመጣ ግዙፍ ሰውዬ ካልሲውን ኤሲው ላይ አስጥቶ ተኝቷል። ለእሱ ቂም የለኝም። ሲያንኮራፋ እንጂ ሲነቃ መልካም ሰው ነው።

ኦሪየንቴሽኑ፣ ካምፓኒው አዲስ ገቢ የሚቀበልበትና የሚያጣራበት ስልጠና፣ ተጀመረ። ለምርመራ ኩባያ ውስጥ ሸናን፣ ደም ግፊት ተለካን፣ ዶናት በላን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከሴፍቲ ክፍል አንዲት ሴትዮ ፎልደር ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ስሜን ለመጥራት ደጋግማ ታገለች። በመጨረሻ የወጣው የሌላ ሰው ስም ነው፤ ግን ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ «ሻንጣህን ይዘህ ና» አለች። ኦሪየንቴሽን የገባ ሰው ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፤ ተባረሃል ማለት ናት።

ቢሮ እንኳ አላስገባችኝም። እዚያው ሰው ፊት፣ የቡና ማሽኑ አጠገብ ወረቀቱን ዘረጋችው። የእድራችን ደብዳቤ ነው። በቢጫ ማርከር የተቀባው ቀኑ ነው። 12/03/2017።

«ይህ በ2017 የተጻፈ ነው» አለች። «በ2017 የተጻፈ ደብዳቤ በ2024 ሥራ እንዳልነበረህ እንዴት ያውቃል?»

አስረዳኋት። ኅዳር 12 ቀን 2017 ማለት በእናንተ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው አልኳት። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከእናንተው ሰባት፣ ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው አልኳት። 13 ወር እንዳለን ስጨምርላት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከኋላ አንዱ «ታዲያ እዚያ ሲሄድ ዕድሜውም ይቀንሳል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

«እንደውልና እናረጋግጥ» አለች። ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለች። እዚያ አመሻሽ ነው። ሰብሳቢያችን አነሱ። «ሀሎ! ሀሎ! ማን ልበል?» እሷ በጥድፊያ እንግሊዝኛ የካምፓኒውን ስም፣ የእኔን ስም፣ «ቬሪፋይ» የሚል ነገር ደረደረች። ላስተርጉምልሽ ብል ዝም በል አለችኝ፤ ምስክር አይነካም። እንግዲህ አስቡት። ለእድር ሰብሳቢ ከውጭ አገር ተደውሎ፣ ፈረንጅ የአባሉን ልጅ ስም ከጠራ ነገሩ ምን ሊሆን ይችላል? «ወይኔ ልጄን! መቼ ነው?» አሉ። ስልኩ ተቋረጠ።

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እኔ በዚህኛው አልሳቅሁም።

ሻንጣዬን እየጎተትኩ ፓርኪንጉ ላይ ቆሜ እናቴን ብደውል ብደውል መስመሩ ተይዟል። ሲነሳ ያነሳችው ጎረቤታችን ናት። ከኋላ ለቅሶ ይሰማል። የአባቴን ከል ገና ያወለቀች ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደርሼባታለሁ። «እኔ ነኝ፣ እማዬ፣ አለሁ» እያልኩ ስጮህ የሚያጨሱ ሾፌሮች ቆመው ያዩኛል።

እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። ስማ አንተ ሰውዬ። ያንን ደብዳቤ ከፍተኸዋል? «ፐርፌክት» ስትለኝ አንብበኸው ነበር? ቀኑ ካልገባህ እኔን ብትጠይቀኝ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። አልጠየቅክም፤ አንተ የሚከፈልህ ወንበር ላይ ባስቀመጥከው ሰው ልክ ነው። እኔ ተቀመጥኩልህ። ከዚያ በኋላ ብጣል የአንተ ጉዳይ አይደለም። ሥራ ላገኝ ነው ብዬ የፓርኪንግ ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። የመመለሻ ቲኬቱን ከኪሴ ነው የገዛሁት። ስደውልልህ ደግሞ የድምፅ መልእክት ሳጥንህ ሞልቷል። አንተ ስትደውል ስልክህ ሁሌ ክፍት ነው፣ እኔ ስደውል ሞላ?

ይቅርታ። ወደ ጨዋነቴ ልመለስ።

የቆዩ ነገሮችም አሉን፣ ክቡርነትዎ። ክፍያው በማይል ነውና «በሳምንት 3,000 ማይል» ብለውኝ ነበር። ሕጉ በቀን 11 ሰዓት መንዳት፣ በስምንት ቀን 70 ሰዓት ሥራ ነው የሚፈቅደው። ከዚህ ላይ ኢንስፔክሽኑን፣ ነዳጁን፣ መጋዘን በር ላይ ተገትሮ መዋልን ይቀንሱና ስሌቱን ይላኩልኝ። መገተሩ ይከፈላል ወይ ስል «ኖ ፕሮብሌም» አሉ። አዎ ነው ወይስ አይደለም?

ማይሉን በምን ትቆጥራላችሁ ብዬ ስጠይቅ መስመሩ «ተቆራረጠ»። የተነዳውን ነው የምትከፍሉት ወይስ ከፖስታ ኮድ እስከ ፖስታ ኮድ፣ ካርታው ላይ ያለውን አጭሩን፣ ትራክ የማያልፍበትን መንገድ? የሚያሠለጥነኝ ትሬነር ስንት ዓመት ነድቷል ስልም ተቆራረጠ። ኢንዲያና ኔትወርክ የለም መሰለኝ።

ሊዝ ፐርቸሱንስ፣ ትራኩን እየተከራዩ መግዛቱንስ? መሪ ይዞ አንድ ሳምንት ላልሞላው ሰው «የራስህ ትራክ ባለቤት ሁን»! ባለቤትነቱ ይገርማል። ሎዱን የሚመርጠው ካምፓኒው፣ የትራኩን ሳምንታዊ ክፍያ ከቼኬ የሚቆርጠው ካምፓኒው፣ ሲበላሽ የሚያሠራው ባለቤቱ፤ እኔ። በ1099 ፎርም፣ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ሠራተኛ፣ ስለሚከፍሉኝም የካምፓኒው ድርሻ ታክስ ወደ እኔ ይዞራል። «በነጻ እናስተምርሃለን» የሚለውንም አይቻለሁ፤ ዓመት ሳይሞላህ ከወጣህ ዕዳው ይከተልሃል የምትለዋ መስመር ፊደሏ ከጉንዳን ታንሳለች።

«ለምን ሀበሻ ጋ አትገባም?» ይሉኛል ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት የሚቀመጡ ሾፌሮች። ጠይቄያለሁ። ጥቂት ትራክ ያለው ወንድማችን ዓይኔን እያየ አዘነ። እሱ ቢፈልገኝ ኢንሹራንሱ አይፈልገኝም፤ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ልምዱን ከየት ላምጣ? ከእርስዎ ካምፓኒ! ለዚህ ነው አዲስ ሾፌር ካምፓኒ «መረጠ» ሲባል የምስቀው። ልምድ የሌለውን የሚያስገባው በር ጥቂት ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ እርስዎ ስልክ ይዘው ቆመዋል።

ደግሞ እነዚያው የቡና ቤት መካሪዎች ሁሉም «እኔ ያለሁበት እንዳትገባ» ይላሉ። አንድም የወጣ ግን አላየሁም።

ይልቅ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። የትራክ ካምፓኒዎች የፌዴራል ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ ላይ የካምፓኒውን የዲኦቲ ቁጥር (መንግሥት የሰጠውን መለያ) ሲያስገቡ ስንት ትራክ እንዳለው፣ ባለፉት 24 ወራት ስንቴ እንደተፈተሸ፣ ስንቱ ከመንገድ እንደታገደ፣ ስንት አደጋ እንደደረሰበት ቁጭ ይላል። በነጻ ነው። ያለ «ድራይቨር» ጥሪ። የእናንተንም አይቼዋለሁ። ክቡርነትዎ ስለ ብሬኮቹ አልነገሩኝም ነበር።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ ሌላ፣ የካምፓኒው ስም ሌላ፣ ድምፁ የእርስዎ። «ሃይ ድራይቨር! አሁንም ሥራ ትፈልጋለህ?» እንኳን ለአዲሱ ሥራዎ አበቃዎት። እርስዎን ያለ ደብዳቤ ቀጠሩዎት ማለት ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
ድራይቨር

ግልባጭ፦
— ለቴክሳሱ ጓዴ፤ አንደኛው ካልሲህ እኔ ሻንጣ ውስጥ ተገኝቷል።
— ለእድራችን ሰብሳቢ፤ በሰሞኑ ጉዳይ ሌላ የሥራ ክፍተት ስለተፈጠረብኝ ተጨማሪ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፤ ቀኑም በፈረንጅ እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ።