እጀታው አረንጓዴ አበራ፤ ድንጋዩን ግን ማን ጠየቀው?

ቅዳሜ ማታ፣ የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደሴ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ረመዳን። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ከተማው ያስታውቃል፤ ሥጋ ቤቱም ሰልፍ ነው፣ ቴምር ሻጩም ሰልፍ ነው። እኛ ኳስ ነበር የምንጠብቀው። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ሰዎች በረዶ ላይ ክብ ድንጋይ ያንሸራትታሉ። ሁለቱ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሮጡ በመጥረጊያ ይጠርጋሉ።

"እንግዳ ሊመጣባቸው ነው እንዴ?" አለ አጠገቤ ያለው ልጅ።

"አብሽር፣ ኳሱ ይመጣል" አለው አስተናጋጁ።

ኳሱ ሳይመጣ ጠቡ መጣ።

ጨዋታው ከርሊንግ ይባላል። ከአንድ ቀን በፊት፣ ዓርብ፣ በጣሊያኑ የክረምት ኦሊምፒክ፣ ኮርቲና ከተማ ላይ፣ የካናዳና የስዊድን ወንዶች ተጋጥመው ነበር። የስዊድኑ ኦስካር ኤሪክሰን የካናዳውን ማርክ ኬኔዲን "ድንጋዩን ከለቀቅከው በኋላ በጣትህ ደግመህ ትነካዋለህ" ብሎ ከሰሰው። ኬኔዲ አልነካሁም አለ። አልነካሁም ብቻ ቢል ጥሩ ነበር፤ እዚህ የማይጻፍ ስድብ ጨመረበት። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ስለ ከርሊንግ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት የከርሊንግ ዳኛ ሆነ። እኔንም ጨምሮ።

ኳስ ላይ ስድብ ለምደናል። እዚያ ግን ጉድ ነው የተባለው። ምክንያቱም የከርሊንግ ሕግ ገና ሲጀምር ስለ ጨዋነት ነው የሚያወራው። እውነተኛ ተጫዋች አጭበርብሮ ከሚያሸንፍ ቢሸነፍ ይሻለዋል ይላል። ሳያውቅ ሕግ ከጣሰና ከታወቀው ደግሞ ቀድሞ የሚናገረው ራሱ ነው ይላል። ዳኛ ሳይጠይቀው። እኛ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እንደምንለው መሆኑ ነው፤ እነሱ ግን ሕግ አድርገው ጽፈውታል።

ድንጋዩን ልንገራችሁ። ግራናይት ነው። በጣም የሚፈለገው ግራናይት የሚወጣው ከስኮትላንድ ዳርቻ ካለች ኤልሳ ክሬግ ከምትባል ትንሽ ደሴት ነው። ክብደቱ ከ17 ኪሎ በላይ ሆኖ እስከ 20 ኪሎ ይጠጋል። ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን በሉት። እላዩ ላይ እጀታ አለው። ከሩቅ ሲያዩት የድሮ የከሰል ካውያ ይመስላል፤ ክብ ካውያ። ተጫዋቹ እጀታውን ይዞ፣ ዝቅ ብሎ፣ አብሮ እየተንሸራተተ ይገፋዋል። ከመነሻው 10 ሜትር ያህል ላይ መስመር አለ። እነሱ ሆግ ላይን ይሉታል፤ እኔ የመልቀቂያ መስመር እለዋለሁ። እዚያ ሳይደርስ እጁን መልቀቅ አለበት። መስመሩን ይዞ ካለፈ ድንጋዩ ከጨዋታ ይወጣል።

ድሮ ይህን የሚያየው ከጎን የተቀመጠ ዳኛ ነበር። አስቡት፤ እጁም ይንሸራተታል፣ ድንጋዩም ይንሸራተታል፣ ሁለቱ የሚለያዩት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ነው። ዳኛው "ይዘሃል" ሲል ተጫዋቹ "ለቅቄያለሁ" ይላል። ማን ይፍረድ?

ልጅ ሆነን ሜዳችን ላይ መስመር የምናሰምረው በአመድ ነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ሳይጀምር አመዱ በእግር ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ያለው በየሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያው የሁላችንም መስመር ለየራሳችን ያደላል። ኳስ በእጅ ተነካ አልተነካ የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳ ደግሞ አንድ መፍትሔ ነበረን። "ወላሂ በል!" ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል፣ ሙስሊሙም ማርያምን ይላል፤ ወሎ ነው። ያልነካ ልጅ ቶሎ ይምላል። የነካው "ተጫወቱ በቃ! ጊዜ አታባክኑ!" ብሎ ኳሱን ይለጋዋል። እሱን ያየን ጊዜ ነገሩ አለቀ፤ ነክቷል ማለት ነው። እስካሁን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። ችግሩ ከሰፈር አይወጣም። ኦሊምፒክ ላይ ወላሂ በል ማለት አይቻልም።

ካናዳኖች ሌላ መሣሪያ ሠሩ። ሳስካቱን ከሚባል ከተማ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን ኦሊምፒክም ሠርቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። እጀታው ውስጥ ባትሪና ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ የሰው እጅ ሲነካው ያውቃል። መስመሩ ካለበት በረዶ ሥር ደግሞ የማግኔት ገመድ ተቀብሯል። ድንጋዩ በላዩ ሲያልፍ እጀታው ማግኔቱን ይሰማዋል። በዚያች ቅጽበት እጅ ካለበት ቀይ ያበራል፤ ከሌለበት አረንጓዴ። በቃ። ጓንት ያጠለቀ እጅ ለሴንሰሩ የለም ማለት ስለሆነ፣ ተጫዋቹ በባዶ እጁ መያዝ አለበት።

ይህን መሣሪያ እወደዋለሁ። የምወደው ግን ከዳኛ ዓይን ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም። ይሉኝታን ስለሚያድን ነው።

ምን ማለቴ ነው? ሱቅ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ ስኳር ስትገዙ ባለሱቁ ሚዛን ላይ ሲያስቀምጠው አይከፋውም። እናንተም "ታጎድልብኛለህ" አላላችሁትም። ሚዛኑ ለሁሉም ሰው ነው ያለው። ሚዛን ባይኖርና በእጃችሁ መዝናችሁ "ይሄ አይሞላም" ብትሉት ግን ጎረቤት ተጣላችሁ። እጀታውም እንዲሁ ነው። ሁሉም ድንጋይ ላይ አለ። ሁልጊዜ ያያል። ሁሉንም ስለሚያይ ማንንም አይከስስም።

እኛም በሯጮቻችን ይህን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙ ሳይቆይ ውጤቱ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። እሱን ለማወቅ ባትሪም ማግኔትም አያስፈልግም፤ ማስመሪያ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው ዴቨን አለን በ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ከመነሻው ላይ በ0.099 ሰከንድ ተነሳ ተብሎ ከውድድሩ ወጣ። ወሰኑ 0.1 ነው። አንድ ሺህኛ ሰከንድ! ያንገበግባል። ግን ዳኛው ጠልቶኝ ነው የሚል ወሬ አያስነሳም።

ታዲያ ኮርቲና ላይ እጀታው እያለ ለምን ተጣሉ?

እጀታው ያየው ሌላ፣ ጠቡ ሌላ ስለሆነ ነው። ኬኔዲ ላይ የቀረበው ክስ እጀታውን አልለቀቀም አይደለም። እጀታውን ለቅቆ ግራናይቱን በጣቱ ገፋ ነው። እጀታው ስለ እጀታ ብቻ ነው የሚያውቀው። ግራናይቱን አሥር ጣት ቢነካው አረንጓዴውን ያበራል። ሕጉ ደግሞ ከመስመሩ በፊት እጀታውን ለቅቆ እንደገና መያዝ ይፈቅዳል፤ ወደ ፊት እየሄደ ያለን ግራናይት መንካት ግን በፍጹም አይፈቅድም። ስለዚህ አረንጓዴ መብራት ስናይ "ንጹሕ ነው" ካልን መብራቱ ያላለውን ነው ያልነው። መብራቱ ያለው "ሲያልፍ እጀታው ላይ እጅ አልነበረም" ነው።

ባለፈው ዓመት በርበሬ ስገዛ ይኸው ነው የሆነብኝ። ሚዛኑ ዲጂታል ነው፤ ቁጥሩ ቀይ ሆኖ ያበራል። 5 ኪሎ ልቅም አድርጎ መዘነልኝ። እንዲያውም "እየው፣ እየው፣ አንዲት ግራም አልጎደለም" ብሎ ወደኔ አዞረው። እኔም አየሁ። ቤት ስደርስ እናቴ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከታ አንዱን ዛላ አወጣችና ሰበረችው። አልተሰበረም፤ ተጣጠፈ። "ይሄማ ውሃ ነው የገዛኸው" አለችኝ። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አሰጣችው። ከዚያ መዘንነው፤ ምን ያህል እንደጎደለ አልናገርም፣ ያሳፍራል። ሚዛኑ አልዋሸም። ስለ ውሃ ማንም አልጠየቀውም። እኔን ያሞኘኝ ግን የሚዛኑ ልክ መሆን ነው፤ ሚዛን ባይኖር ኖሮ እኔም አንዱን ዛላ ሰብሬ አየው ነበር።

የአያቶቻችን ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ። ልጁ ምን አይቶ እንደወደቀ የሚጠይቅ የለም። ቀረ፤ እሰይ። አውጫጭኙ ይሻል ነበር። ቢያንስ አገሬው ተሰብስቦ፣ ያየም የሰማም በአፉ ተናግሮ ነው። ዘንድሮም መሣሪያ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ነው፤ ይሄ ነገር የሚያየው ምንድን ነው?

ከጠቡ በኋላ የዓለም ከርሊንግ ማኅበር ሁለት ተጨማሪ ዳኞች በየጨዋታው እየተዘዋወሩ እንዲያዩ አደረገ። ቪዲዮ መልሶ ማየት የለም። ወዲያው በካናዳ ሴቶች ላይ፣ ከዚያም በብሪታኒያ ወንዶች ላይ ድንጋይ ከጨዋታ ወጣ። ተጫዋቾቹ አጉረመረሙ። ቆይቶ ደግሞ ዳኞቹ የሚያዩት ቡድን ሲጠይቅ ብቻ እንዲሆን ተባለ።

ይሄኛው ውሳኔ አልተዋጠልኝም። ብዙዎች ጥሩ ማስታረቂያ ነው ብለዋል። እስቲ ወደ ወሎ አምጡት። ጎረቤቴን "ሽማግሌ ይቁምብህ" ብዬ ከጠራሁበት፣ ሽማግሌው ምንም ባያገኝበት እንኳ እኔና እሱ ቡና አንጠጣም። ዳኛ መጥራት ራሱ ክስ ነው። ይሉኝታ ያለው ቡድን አይጠራም፤ ይሉኝታ የሌለው በየድንጋዩ ይጠራል። ደግሞ ተቀናቃኝን ለማወክ የሚጠራም አይጠፋም። የእጀታው ውበት ይህንን ማስቀረቱ ነበር።

ስለዚህ ቢጠይቁኝ (ማንም አይጠይቀኝም) በየመስመሩ ላይ አንድ ቋሚ ካሜራ አስቀምጡ እላለሁ። ለሁሉም ድንጋይ፣ ለሁሉም ቡድን፣ ጠሪ ሳይኖረው። ሳይጠራ የሚያይ ነገር አያጣላም። አሊያም እ.ኤ.አ. በ2016 በመጥረጊያ እንዳደረጉት ያድርጉ። የመጥረጊያው ጨርቅ ድንጋዩን እንደ መሪ ያዞረዋል ተብሎ ሲያጨቃጭቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጨርቅ እንዲጠቀም አደረጉ። ማን አጭበረበረ ብሎ መፈለግ ቀረ። ለጣት ግን እንዲህ ዓይነት መላ አይገኝም። ጣት አንድ ዓይነት አይደረግም።

ካሜራውም ቢሆን ሁሉን አያይም። ሲጠርግ ድንጋዩን በመጥረጊያው ጫፍ ነካ ያደረገ ተጫዋች አለ። ያንን እሱ ነው የሚያውቀው። ድሮ እጁን አንሥቶ "ነክቻለሁ" ይል ነበር፤ ዛሬም የሚል ብዙ አለ። የምፈራው ለነገው ልጅ ነው። አረንጓዴ መብራት እያየ ያደገ ልጅ "መብራቱ ምን አለ?" ነው የሚለው። "አንተስ?" ሲሉት ግራ ይገባዋል።

ሰኞ የገባው ጾም ሴንሰር የለውም። ረመዳንም የለውም። ጓዳ ገብቶ በሩን የዘጋ ሰው ምን እንደቀመሰ የሚያበራ እጀታ የለም። ግን ደሴ ላይ በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ጾመ?

ኳሱ በመጨረሻ መጣ። የሚረባ አልነበረም፤ አጋማሹ ላይ ተነሣን። አስተናጋጁ እንደ ልማዱ "ስንት ነው የጠጣችሁ?" አለ። እሱ አይጽፍም፤ ደንበኛ ይቆጥራል፣ እሱ ይቀበላል። "ሁለት ሻይ" አልኩና ከፈልኩ። ወደ ቤቴ ስወጣ፣ ብርዱ ከጦሳ ተራራ እየወረደ፣ መንገዱ እኩሌታ ላይ ትዝ አለኝ። ሦስት ነበር። ሦስተኛውን ኤሪክሰንና ኬኔዲ ሲጨቃጨቁ ነው ያዘዝኩት። ለመመለስ ብርዱ አስፈራኝ። ነገ እከፍላለሁ አልኩ።

ይሄን ስጽፍ ገና አልከፈልኩም።